«ስንተኛ ወጣሽ?» ላላችሁኝ ሁሉ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ 50 ነው። ዘመድ ጥየቃ ውጭ አገር ሄደው እግረ መንገዳቸውን የጎዳና ሩጫ ስለሚሮጡ ሰዎች ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደንበኛዬ አምጥታልኝ አነበብኩት። ደስ ይላል። ግን ስለ ቪዛና ስለ ትኬት ብዙ አውርቶ ሩጫው ጋ ሲደርስ አለቀ። እኔ የምናገረው ያለኝ ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ፍሎሪዳ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ገናን አብረን ዋልን። በዚያው ሳምንት ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በሚባለው ትልቅ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ የሚካሄደውን ግማሽ ማራቶን ሮጥኩ። 21 ኪሎ ሜትር ከ100 ሜትር ነው። ከዚያ በፊት ደረቴ ላይ ቁጥር ለጥፌ አላውቅም። ያስመዘገበችኝ ልጄ ናት። ምዝገባው ቶሎ ስለሚሞላ ከወራት በፊት ነው ጨርሳ የነገረችኝ።

ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የገባ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ሜዳሊያዬ ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዶናልድ ዳክ የሚባለው ዳክዬ አለበት። ሰው ቀና ብሎ ያየውና «ስንተኛ ወጣሽ?» ይለኛል። አልፈርድበትም። እኛ ሩጫን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን ስታሸንፍ 17 ዓመቴ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ታጭቀን እልልታውን አቀለጥነው። ለእኔም ሩጫ ማለት ያ ነበር። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጥያቄው ስላሳሰበኝ ነው። ለመጪው ጥር የተመዘገቡ ሦስት የድሬ ሰዎች አውቃለሁ። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ጎረምሶች። አንዷ የሦስት ልጆች እናት ናት። ሦስቱም ለመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ልጆቹ «እኛ እኮ ኢትዮጵያዊ ነን፣ ሩጫ በደማችን ነው» እያሉ እስካሁን ልምምድ አልጀመሩም። እናትየዋ ደግሞ «መጨረሻ ወጥቼ ከምዋረድ ብቀር ይሻለኛል» ብላ ልትተወው ነው። ለሁለቱም ወገን የምለው አንድ ነው። እዚያ ስንተኛ እንደወጣችሁ የሚጠይቃችሁ የለም። የምትጠየቁት ሌላ ነገር ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ10 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ፣ ይህንንም ከመነሻው እስከ መድረሻው።

ደንቡን ላስረዳ። የተጻፈው በማይል ነው። አንድ ማይል በ16 ደቂቃ ይላል። ማይል ማለት 1 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ትንሽ አለፍ ያለ ነው። በእኛ ሲሰላ አንዱ ኪሎ ሜትር 10 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረው ማለቅ አለበት። ግማሽ ማራቶኑ በ3 ሰዓት ተኩል ይጠናቀቃል ማለት ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ጤነኛ ሰው ይህን ይችለዋል። ከባዱ 3 ሰዓት ተኩል ሙሉ ሳይቀንሱ መቆየቱ ነው። መንገድ ላይ የሚተከለው ምልክትም በማይል ስለሆነ ከአሁኑ በማይል ማሰብ ተለማመዱ። 13 ማይልና ትንሽ ጭማሪ ነው። እኔ 7 ቁጥርን ሳይ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ተደናግጫለሁ።

ዝግጅቱ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ ነው። አሁን አራት ቀን ይፈጃል። ሐሙስ 5 ኪሎ ሜትር፣ ዓርብ 10፣ ቅዳሜ ግማሽ ማራቶን፣ እሑድ ሙሉው 42 ኪሎ ሜትር። አራቱንም በአራት ቀን የሚሮጡ ሰዎች አሉ። ሲደመር ወደ 78 ኪሎ ሜትር ነው። ወንድማማቾቹ ይህን ሰምተው ዓይናቸው ሲበራ አይቻለሁ። እባካችሁ ዘንድሮ ተዉት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱ ይበቃል።

አነሳሱ በየምድቡ ነው። ፈጣኖቹ ፊት፣ እየዘገየ የሚሄደው ወደ ኋላ። ከዚህ በፊት ሌላ ውድድር የሮጠ ሰው ውጤቱን ሲመዘገብ ይልካል፤ በዚያ ይመደባል። እንደ እኔ ምንም የሌለው የመጨረሻው ምድብ ውስጥ ይገባል። ልጄ የተሻለ ምድብ ነበራት፤ ለእኔ ብላ ወደ ኋላ መጣች። ከፊት ወደ ኋላ መምጣት ይፈቀዳል። ከኋላ ወደ ፊት ግን አይቻልም። ወንድማማቾቹ ይህን ልብ በሉ፤ አብራችሁ መሮጥ ከፈለጋችሁ ፈጣኑ ነው ዝቅ የሚለው።

ከሁሉም በኋላ የሚነሱ ፊኛ የያዙ ሴቶች አሉ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱን ማይል ልክ በ16 ደቂቃ ይሄዳሉ፤ አይፈጥኑም፣ አይዘገዩም። ከእነሱ ኋላ የቀረውን ሰው አውቶቡስ ያነሳዋል። እንግዲህ ፊት የተነሳ ሰው ከፊኛዎቹ በፊት ሰፊ ጊዜ አለው። ቢደክመው ያርፍበታል። መጨረሻ ላይ የተነሳ ሰው ግን ፊኛው ከጀርባው ነው። ይህን ሳላውቅ ነው የገባሁበት።

መንገዱ ዳር የዲዝኒ የካርቱን ገጸ ባሕርያትን ልብስ የለበሱ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ሰው ሩጫውን አቁሞ፣ ተሰልፎ፣ ፎቶ ተነስቶ ይቀጥላል። እኔም ለልጅ ልጄ ፎቶ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበርና ተሰለፍኩ። አንዴ በመሐሉ ከምናልፍበት የሲንደሬላ ግንብ በፊት፣ አንዴ ካለፍነው በኋላ። ሁለተኛው ሰልፍ ረዘመ። ፊቴ የነበሩት ሰዎች ቁጥር ስምንት ወይም ዘጠኝ ነበር፤ ትንሽ ነው አልኩ። ቆሜ ጫማዬን ሳስር ልጄ ትከሻዬን ነካችኝና «እማዬ፣ ዞር በይ» አለችኝ። ዞርኩ። ከኋላችን መንገዱ ባዶ ሆኗል። ከአንድ የመቶ ሜትር ሩጫ በማይበልጥ ርቀት ላይ ፊኛዎቹ ከሰው ራስ በላይ ቀስ እያሉ ይወዛወዛሉ። ከሥራቸው የሚሄዱት ሴቶች ይስቃሉ፣ ያወራሉ። ከእነሱ ኋላ የመኪና መብራት አለ። ፎቶው ቀረ። ሰልፉን ጥለን ወጣን። ከዚያ በኋላ ለአንድ ማይል ያህል አንድም ጊዜ ሳልራመድ ሮጥኩ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ መጨረሻ ምድብ ከሆንሽ ፎቶውን ምረጪ። አንድ። ቢበዛ ሁለት። ሰልፉ አጭር የሆነበት ቦታ ብቻ። ለቀረው እየሮጥሽ እጅሽን አውለብልቢላቸው፤ እነሱም ያውለበልባሉ። አውቶቡሱም ቢያነሳሽ ውርደት አይደለም። ከእኛ ጋር የተነሳች አንዲት ትልቅ ሴት ጉልበቷ ታሞ አውቶቡሱ አነሳት። በመጨረሻ መድረሻው ጋ ሳገኛት እቅፍ አድርጋኝ «በሚመጣው ዓመት» አለችኝ። ልጄ ናት የተረጎመችልኝ።

አሁን ሰው የማያስብበትን ላንሳ። ሩጫው የሚነሳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ይህን ሲሰማ የድሬ ሰው ደስ ይለዋል፤ ፀሐይ ሳይወጣ ማለት ነዋ። ግን ለ11 ሰዓቱ ሩጫ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው የተነሳነው። መንገድ ይዘጋጋል። ፍተሻ አለ። መኪና ከቆመበት እስከ መነሻው ያለው የእግር መንገድ ራሱ ሩቅ ነው። ለሽንት ቤት ሰልፍ አለ። ምድብህ ውስጥ ገብተህ ቆመህ ትጠብቃለህ። የእኛ ምድብ ሲነሳ 12 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። አራት ሰዓት ከግማሽ ያህል ነቅቼ፣ ቆሜ፣ ተራምጄ ነው ሩጫ የጀመርኩት። ሰው የሚደክመው እዚያ ነው። እዚያ የደከመ ሰው 16ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የታመመ ይመስለዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዓርብ ማታ 1 ሰዓት ላይ መተኛት። እንቅልፍ ባይመጣም ጋደም ማለት። ምድብ ውስጥ መሬት ላይ መቀመጥ፤ ማንም አያፍርም፣ ሁሉም ይቀመጣል። የምትቀመጡበት ወፍራም ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሣሩ በጤዛ ርሶ ይጠብቃችኋል። ከኢትዮጵያ በዚያው ሳምንት የሚደርስ ሰው ደግሞ የሰዓቱን ልዩነት ያስብበት። በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። የእነሱ ንጋት 11 ሰዓት የእኛ ቀን 7 ሰዓት ነው፤ ድሬ ሱቅ ዘግቶ ጥላ የሚፈልግበት ሰዓት። ከመንገድ የመጣ ሰው እንቅልፉ ሌሊት ስለሚጠፋ ለመነሳቱ አይቸገርም። የሚቸገረው ከቀትር በኋላ ነው። ቢቻል ከሳምንት በፊት ድረሱ።

ከአንድ ቀን በፊት ፓርኩን ልጎብኝ አትበሉ። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፓርኩ ማለት ሰፈር አይደለም፣ ከተማ ነው። ቀኑን ሙሉ በእግር ነው። ልጄ ባትከለክለኝ እኔም አደርገው ነበር። ጉብኝቱ ከሩጫው በኋላ ይሁን።

የደረት ቁጥሩን የምትወስዱት በቀደመው ቀን ወይም ከዚያ በፊት ራሳችሁ ሄዳችሁ ነው። ዘመድ አይወስድላችሁም። መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ለእኛ ፓስፖርት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ስም ያስቸግራል። ልጄ ስታስመዘግበኝ በስሜና በአባቴ ስም ነው። ፓስፖርቴ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ ያለው የአያቴ ስም ነው። ሁለቱ ተያይተው እስኪስተካከል ላቤ መጣ። ሰዎቹ በትዕግስት ረዱን። ስታስመዘግቡ ፓስፖርቱን ፊታችሁ አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል ቅዱ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጫማም ልብስም በያይነቱ ይሸጣል። ለመታሰቢያ ግዙ። ለነገ ሩጫ ግን እዚያ የተገዛ ነገር እንዳትለብሱ፤ ካልሲም ቢሆን።

አሁን ወደ ሙያዬ መጣሁ። ከዚህ በታች ያለውን ቆርጣችሁ እንዳታሳጥሩብኝ አደራ።

እዚያ ሩጫ ላይ ሰው የገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ ነው የሚሮጠው። ሁሉም ባይሆን ብዙው። ልጄ «ሚኒ ማውስ እንሁን» አለችኝ፤ የዲዝኒዋ አይጥ ናት። ቀይ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠብጣብ። እኔ 30 ዓመት ቀሚስ የሰፋሁ ሰው ምን ያቅተኛል ብዬ ከፊራ ገበያ ሄጄ ቆንጆ የጥጥ ጨርቅ ገዛሁ። እጥፋት በእጥፋት አድርጌ፣ ገበር ከትቼ ሰፋሁት። መስቀያ ላይ ሲታይ ያምራል። ለብሼው በማለዳ ከዚራ ዛፎች ሥር ሮጥኩ። ስድስት ኪሎ ሜትር አልሞላሁም። ጥጡ ላቡን ጠጥቶ እንደ እርጥብ ፎጣ ከበደ። ገበሩ ጭኔ መካከል ተጠቀለለ። የወገቡ ስፌት ከጀርባዬ ላይ ቆዳዬን ላጠው። ቤት ገብቼ ውሃ ሳፈስበት ጮህኩ።

ፈታሁት። እንደገና ሰፋሁት። ለላዩ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ስስ ፖሊስተር፤ ላብ አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል። ከሥሩ የሚሳብ ጨርቅ ያለው አጭር ሱሪ። ያን ጨርቅ ያገኘሁት ከቦንዳ ነው፤ የስፖርት ልብስ ፈትቼ። የሱሪውን ስፌት ከጭን ውስጥ አውጥቼ ወደ ጎን አዞርኩት፣ ስፌቱም ጠፍጣፋ እንዲሆን ከላይ በዚግዛግ ደገምኩበት። አንገት ሥር የሚለጠፈውን ምልክት ቆርጬ ጣልኩ። የክሩን ጫፍ ሁሉ በክብሪት ለበለብኩት። ትንሽ ነገር ነው። ግን አንዲት የክር ጫፍ 3 ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ስትፋቅ ምላጭ ትሆናለች። ብብት፣ የጭን ውስጥ፣ የጡት መያዣው ሥር፣ እነዚህን ቫዝሊን ቅቡ። ወንዶችም የጡታችሁን ጫፍ ቅቡ፣ አትፈሩ። መድረሻው ላይ ሸሚዛቸው በሁለት ቦታ ደም የነካው ወንዶች አይቻለሁ።

የቀሚሱ ርዝመት ከጉልበት በላይ ይሁን። መሬት የሚነካና የሚጎተት ልብስ በደንቡም ክልክል ነው። ቁጥሩን በአራት መርፌ ቁልፍ አራቱም ማዕዘን ላይ ያዙት፤ በሁለት ከያዛችሁት ነፋስ ይጫወትበታል። መርፌ ቁልፍ ስስ ጨርቅ ይቀድዳልና ከኋላው ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ደርቡ። ልብሱን ሁለት ጊዜ አጥባችሁ፣ ለብሳችሁ ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር ሩጡበት። ያልሮጣችሁበት ልብስ እንግዳ ነው።

ጫማ ላይ አልቆይም። እኔ መጀመሪያ ከቦንዳ ነው የገዛሁት። ዓይነቱ ጥሩ፣ ከላዩ አዲስ የሚመስል። ሶሉ ግን ዕድሜው አልቆ ደርቋል። በወሩ ጉልበቴን አመመኝ። ልጄ አዲስ ላከችልኝና ተወኝ። ልብስ ከቦንዳ ይሁን፣ የሩጫ ጫማ ግን አይሁን። ቁጥሩ ከወትሮው ትንሽ ሰፋ ይበል፤ እግር በሩጫ ያብጣል።

ከቦንዳ ልብስ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። የፍሎሪዳ ጥር አይታመንም። አንዳንዴ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ አንዳንዴ ወበቅ። እኛ የሮጥንበት ሌሊት ብርድ ነበር። ለድሬ ሰው ያ ብርድ አጥንት ይገባል። ሰዉ አሮጌ ሹራብ ደርቦ ይመጣል። ሩጫው ሲነሳ አውልቆ መንገድ ዳር ይጥለዋል፤ ተሰብስቦ ለችግረኛ ይሰጣል። ልብስ መጣል ለእኔ ከባድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቁራጭ ጨርቅ ሳጠራቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። የለበስኩት ሹራብ ከዚህ ይዤው የሄድኩት ነው፤ ከዚያ አገር በቦንዳ መጥቶ መጋላ የገዛሁት። አጥሩ ላይ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ልጄ «እማዬ፣ ጣይው እንጂ» አለችኝ። አልጣልኩትም፣ አጣጥፌ ነው ያስቀመጥኩት።

ስለ ልምምድ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ያለው ሜዳ ደግሞ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። ስለዚህ አየሩ ለእኛ አይከብድም። መንገዱም ሜዳ ነው፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ ብቻ ድልድይና መወጣጫ አለ። ሙቀቱንም ለምደነዋል። የምንቸገረው በርቀቱ ነው። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣ ነበር። ሁለት ቀን አጭር፣ ቅዳሜ ረጅም። ቅዳሜውን በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ እየጨመርኩ እስከ 18 ኪሎ ሜትር አደረስኩት። የነቢያትን ጾም ሙሉ እንዲህ አሳለፍኩት። መጀመሪያ ሰሞን ከመጋላ ድልድዩን ተሻግሬ ሳቢያን ድረስ እንኳ መሄድ አቅቶኝ ደቻቱ አሸዋው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ባጃጆች «አንቺ! ማን አሳደደሽ?» ይሉኝ ነበር። ድሬ አንቱታ አይታወቅም፤ የ50 ዓመት ሴትም «አንቺ» ናት። ሁለተኛው ወር ላይ ያው ባጃጅ ነጂ ቀንሶ «አይዞሽ! በርቺ!» እያለ አብሮኝ እስከ ለገሃር ሄዷል። ብቻችሁን በጨለማ አትውጡ። ውሻ አለ፣ ሌላም አለ። ጓደኛ ያዙ።

ሮጥ ሮጥ፣ ራመድ ራመድ። ይህን ዘዴ ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ሁለት ደቂቃ እሮጣለሁ፣ አንድ ደቂቃ እራመዳለሁ። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ፤ ሲደክመኝ አይደለም። ዘዴውን በዓለም ያስፋፋው ጄፍ ጋሎዌይ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር የሮጠ አትሌት ነው፤ የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ነሐስ ባመጣበት ርቀት። ኦሎምፒክ የሮጠ ሰው መራመድ ነውር አይደለም ካለ እኔ ማን ነኝ ብዬ ተቀበልኩት። ወንድማማቾቹ ይህን አልወደዱትም። «ሩጫ ላይ ማን ይራመዳል?» አሉኝ። ልጆቼ፣ እዚያ ርችት እየተተኮሰ ነው የምትነሱት። እያንዳንዱ ምድብ ሲነሳ ርችት አለ። ሙዚቃው፣ ጩኸቱ፣ ደም ያሞቃል። የባንዲራችሁን ቀለም ያየ ሁሉ «ኢትዮጵያ!» እያለ ይጮህላችኋል። ያኔ ነው ሰው የሚያብደው። እኔም በመጀመሪያው ማይል ከልምምዴ በጣም ፈጥኜ ነበር፤ ልጄ እጄን ይዛ ነው ያስቆመችኝ። ስትራመዱ ደግሞ መጀመሪያ እጅ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ መንገዱ ዳር። ድንገት መሐል ላይ የቆመ ሰው ሌላውን ይጥላል። ከሁለት ሰው በላይ ጎን ለጎን አትሂዱ።

ምግብ። ዓርብ ማታ ፓስታ፣ በስጎ፣ በጊዜ። ዓርብ ስለሆነ ጾምም ይስማማል። ሆድ የሚነፋ ነገር ተዉ። ሌሊት ስንነሳ እኔ በሶ ጭብጦ ነው የበላሁት፣ በማር። በሶውን ከድሬ ይዤ ሄጄ ነበር። ልጄ የእነሱን ጣፋጭ ነገር በፌስታል ሰጥታኝ ነበር፤ በልምምድ ያልቀመስኩትን አልበላም አልኳት። በመንገድ ላይ ተምር ነበር የምበላው። ወገቤ ላይ፣ ከኋላ፣ በላስቲክ የሚዘጋ ኪስ ሰፍቼ ስድስት ተምር ያዝኩ፣ ፍሬው የወጣ። በየሦስት ማይሉ አንድ፣ ከተረፈ ለልጄ። ውሃ በየቦታው ይሰጣሉ፤ ሁሉንም ጣቢያ አትዝለሉ፣ ሁሉም ጋ ደግሞ ሆድ እስኪሞላ አትጠጡ። ሌላ አንድ ነገር። የሕክምና ድንኳኖቹ ጋ በስስ እንጨት ላይ ነጭ ነገር ለጥፈው ይሰጣሉ። ቫዝሊን ነው፤ ለሚፋቅ ቆዳ። አይበላም።

የደም ግፊት፣ የልብ፣ የስኳር ነገር ያለበት ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሐኪም ያማክር። እኔ ተለክቼ፣ ደህና ነሽ ተብዬ ነው የጀመርኩት።

ልብ በሉ፣ ሩጫው ሊቀርም ይችላል። በ2009 ዓ.ም. ግማሽ ማራቶኑ በመብረቅ ምክንያት ተሰርዟል። ዕለቱ ልክ የእኛ ገና ነበር። ወራት ለፍቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሄዶ መቅረት ያሳዝናል። ግን መብረቅ ጨዋታ አይደለም። ይህን አስቀድማችሁ ለራሳችሁ ንገሩ። ለሩጫው ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፤ ዘመድ ለማየት ሂዱ።

ግንቡን ሳልነግራችሁ ደብዳቤዬን አልጨርስም። መንገዱ ኤፕኮት ከሚባለው ፓርክ አካባቢ ይነሳና በጨለማው ውስጥ ማጂክ ኪንግደም ወደሚባለው ሌላ ፓርክ ይወስዳል። ረጅም አስፋልት ነው፤ ሰው ዝም ይላል፣ የጫማ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እንደ ዝናብ። ከዚያ በአንድ በር ገባንና ተጠመዘዝን። መብራቱ በአንዴ ፈነዳ። ከግራና ከቀኝ ሰው ተደርድሮ ያጨበጭባል፤ ከፊት ለፊት የሲንደሬላ ግንብ ቆሟል። በሥሩ፣ በመሐሉ ነው የምታልፉት። እኔ ለገናና ለጥምቀት ካልሆነ አልዘምርም፤ እዚያ ግን ጉሮሮዬ በራሱ እልል አለ። ሦስት ጊዜ። የቆሙት ሰዎች ምን እንደሆነ ባያውቁም መለሱልኝ። ልጄ ታለቅስ ነበር። ቪዛ ስትጠብቅልኝ፣ ስንፈላለግ ስንት ዓመት እንደቆየን የምናውቀው ሁለታችን ነን።

በ3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨረስኩ። ፊኛዎቹ 9 ደቂቃ ያህል ከኋላዬ ነበሩ። ስትጨርሱ ወዲያው አትቀመጡ። ሜዳሊያውን አንገታችሁ ላይ ያደርጉላችኋል፤ ቀስ እያላችሁ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ የሚሰጡትን ሙዝ ብሉ። እኔ ተቀምጬ ለመነሳት ሁለት ሰው አስፈልጎኛል።

ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር እለምናለሁ። የታላላቅ አትሌቶቻችንን ዜና ስታወጡ ደስ ይለናል። አዲስ አበባ ላይም ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ሲደረግ ብዙ ሺህ ሰው እየዘፈነ 10 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ትጽፋላችሁ። እስቲ ደግሞ በየከተማው ማለዳ ስለሚወጡት ጻፉ። ከዚራ ላይ ከስኳር ሕመም ጋር እየታገሉ የሚራመዱ አባቶች አሉ። ሒጃብ ለብሰው፣ ሽርጥ አገልድመው የሚወጡ ሴቶች አሉ። ማንም አያያቸውም፤ ስንተኛ እንደወጡ ስለማይጠየቅ ይመስለኛል።

የተመዘገባችሁ ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ኑ። እስካሁን አራት ሴቶች ነን። ወንድማማቾቹም ቢመጡ ቦታ አለ፤ መራመድ ግን ግዴታ ነው።

እናትየዋ ትናንት ሱቄ መጣች። ስለ ሩጫው አንድም ነገር አላነሳችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሜዳሊያውን ትንሽ አየችው። ከዚያ ተነስታ እጇን ዘርግታ ቆመች። ሜትሩን አንስቼ ልኬቷን ወሰድኩ። ወገብ፣ ዳሌ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «ኪሱን ሰፋ አድርጊው፣ እኔ ተምር እወዳለሁ» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጋላዋ ልብስ ሰፊ
ድሬዳዋ